ለሠራዊት የሚገዛ ሥልጠና፦ ውሉ እንዴት ይዘጋጃል? ለአገርስ ምን ሊያስቀር ይገባል?

መንግሥት መንገድ ሲያሠራ የሥራው ውጤት በኪሎ ሜትር ይለካል። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ሥራው የት እንደደረሰ ባለሙያ ሳይጠይቅ በዐይኑ ያያል። ለሠራዊት የሚገዛ ሥልጠና ግን እንዲህ በዐይን የሚታይ አይደለም። አሠልጣኙ መጥቶ ይሄዳል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ክፍያም ይፈጸማል። ሥልጠናው ዋጋ ያለው መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ያውም ስሕተትን ለማረም ጊዜ በሌለበት በጦር ሜዳ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ መደረግ ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊትና ሥልጠናው በሚካሄድበት ወቅት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውትድርና ሥልጠናና የአቅም ግንባታ አገልግሎት በመንግሥት እንዴት እንደሚገዛ፣ በአገራችን ታሪክ ምን ዓይነት መልክ እንደነበረው፣ ሕጉ ምን እንደሚደነግግና ዜጎች በጉዳዩ ላይ ምን ሊያውቁ እንደሚገባ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

1. ከጋፋት እስከ መቅደላ

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ለዚህ ርእሰ ጉዳይ ሩቅ አገር አይደለም። ከለጋምቦ በስተሰሜን፣ በተንታ በኩል የሚገኘው የመቅደላ አምባ የውጭ ወታደራዊ ሙያን ወደ አገር ለማስገባት የተደረገው የመጀመሪያው ሰፊ ጥረት የተጠናቀቀበት ስፍራ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ አምባ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው ከዘመኑ የጦር ጥበብ ወደኋላ መቅረቷን ቀድመው የተረዱ መሪ ነበሩ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አድርገዋል። ሚስዮናውያኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለሃይማኖት ሥራ እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍላድ የተባለው ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ተልኮ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲላኩ ጠይቋል። የእንግሊዝ መንግሥት በበኩሉ የታሰሩት አውሮፓውያን እንዲፈቱ አጥብቆ ይጠይቅ ስለነበር ጉዳዩ ሳይሳካ ቀርቷል።

በጋፋት ከተሠሩት መድፎች ትልቁ ሴባስቶፖል ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደሉን እያስደለደሉና መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅተዋል። መድፉ መቅደላ ቢደርስም የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ሙያ መፈለጋቸው ስሕተት ነበር የሚል አይደለም። ሙያው የመጣበት መንገድ በውል ያልታሰረ፣ በፈቃድ ላይ ያልተመሠረተና በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የቀረ ነበር። መሣሪያው ተሠርቷል፤ መሣሪያውን የሚጠቀምና ጥበቡን ለሌላው የሚያስተላልፍ የሠለጠነ የሰው ኃይል ግን በበቂ ሁኔታ አልተፈጠረም።

በተቃራኒው ሌላ ምሳሌ አለ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ለትግራዩ ገዥ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፎችና ጠመንጃዎች ትቶ ሄዷል። ከዘመቻው ጋር የመጣው ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም በካሣ ዘንድ ቀርቶ ሠራዊታቸውን በዘመናዊ የሰልፍ ሥርዓት አሠልጥኗል። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ አሰም ላይ በተደረገው ውጊያ ካሣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሸነፉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። በዚህ ጊዜ መሣሪያውና ሥልጠናው አብረው ሄደዋል።

2. በሃያኛው ክፍለ ዘመን የታዩ የስምምነት ዓይነቶች

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ የውጭ አሠልጣኞችን የቀጠረችባቸው መንገዶች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ። እነዚህም ግለሰቦችን ወይም አነስተኛ ቡድኖችን በቅጥር ማስመጣት፣ ከመንግሥት ለመንግሥት የሚደረግ ስምምነት፣ እንዲሁም ከኩባንያ ጋር የሚደረግ የአገልግሎት ውል ናቸው። በአገራችን ታሪክ ጎልተው የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ወዲህ ነው።

በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን እንዲያሠለጥኑ ተደርጓል። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሥራ ጀመሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራ ስትፈጽም የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ገና አላጠናቀቁም ነበር። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ድርጅት አስኳል ሆነዋል። የሆለታው ትምህርት ቤትም አሠልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት የመኮንኖች ማፍሪያ ሆኖ ቀጥሏል። በሌላ በኩል ዝግጅቱ ዘግይቶ በመጀመሩ አገሪቱ ያስከፈላት ዋጋ ከባድ ነበር። ጦርነት ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚገዛ ሥልጠና ሁልጊዜም የዘገየ ነው።

ከነጻነት በኋላ በጥር 1934 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ሠራዊቱን የማደራጀትና የማሠልጠን ሥራ ተረከበ። ልዑኩ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ቆይቷል። የስምምነቱ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚቆጠር አልነበረም። ኢትዮጵያ ተጨማሪ የውጭ አማካሪዎችን ከመሾሟ በፊት ከብሪታንያ መንግሥት ጋር እንድትመክር የሚያስገድድ ቃል በውስጡ ነበረበት። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት የአገሪቱን የመወሰን ነጻነት አስፍቷል። ከዚህ የምንረዳው በሥልጠና ውል ውስጥ ከዋጋው ይልቅ ተጓዳኝ ግዴታዎችን በጥንቃቄ ማንበብ እንደሚያስፈልግ ነው።

መንግሥት ከዚያ በኋላ የተከተለው ስልት አሠልጣኞቹን ማብዛት ነበር። አየር ኃይሉ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንን ጨምሮ በስዊድናውያን ባለሙያዎች እርዳታ በቢሾፍቱ ተደራጀ። የባሕር ኃይሉን ሥልጠና የኖርዌይ መኮንኖች አገዙ። በ1950 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሐረር ጦር አካዳሚ ያስተምሩ የነበሩት የሕንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ርዳታ ስምምነት ደግሞ ትልቁን ድርሻ ያዘ። ይህ ስምምነት የተፈረመው አሜሪካ በአሥመራ የሚገኘውን የቃኘው ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትጠቀም ከሚፈቅደው ስምምነት ጋር አንድ ላይ ነበር።

የዚህ ጥገኝነት ጉዳት የታየው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነው። ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪ ቡድንና ቃኘው ጣቢያን እንዲዘጉ ሲያዝ፣ የሠራዊቱ መሣሪያ፣ መለዋወጫና የሥልጠና ሥርዓት በአብዛኛው አሜሪካዊ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል በሰፊው ወረረ። ሠራዊቱም እየተዋጋ፣ በሶቪየት መሣሪያና ሥርዓት እንደ አዲስ ለመሠልጠን ተገደደ። አንድ አቅራቢ ብቻ ያለው ሥልጠና ያ አቅራቢ በወጣ ዕለት አገርን ባዶ እጇን ሊያስቀራት ይችላል።

3. የኩባንያ ውል በዓለም ላይ

ከ1980ዎቹ ወዲህ ጡረታ የወጡ መኮንኖችን የሚቀጥሩ የግል ኩባንያዎች የሥልጠና አገልግሎት መሸጥ ጀምረዋል። በጣም የሚታወቀው ምሳሌ ኤም ፒ አር አይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ከክሮኤሺያ መንግሥት ጋር ውል ተዋውሏል፤ ከዴይተን ስምምነት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 የቦስኒያን ፌዴሬሽን ሠራዊት የማሠልጠን ውል አግኝቷል። የቦስኒያው ፕሮግራም ወጪ በከፊል የተሸፈነው ሳውዲ ዓረቢያን፣ ኩዌትንና ማሌዥያን ጨምሮ በሌሎች መንግሥታት ነበር። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለውጭ ሠራዊት ለመስጠት ከመንግሥቱ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።

በአፍሪካ ደግሞ ኤግዚኪውቲቭ አውትካምስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በአንጎላና በሴራሊዮን ተሰማርቶ ነበር። የዚህ ኩባንያ ሠራተኞች ከሥልጠና አልፈው በውጊያ በመሳተፋቸው ሥልጠና የት አብቅቶ ውጊያ የት እንደሚጀምር ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቷል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1998 የውጭ ወታደራዊ እርዳታን የሚቆጣጠር ሕግ አውጥታለች።

በዚህ መስክ ሁለት ሰነዶች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 በሊብረቪል ያጸደቀው ቅጥረኛ ወታደርነትን የማስወገድ ኮንቬንሽን ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የወጣው የሞንትሩ ሰነድ ሲሆን፣ የግል ወታደራዊና የጥበቃ ኩባንያዎችን የሚቀጥሩ መንግሥታት ያሉባቸውን ግዴታዎች ያብራራል። የሰነዱ ዋና መልእክት መንግሥት ሥራን በውል ለሌላ ቢያስተላልፍም በዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሕግ ያለበትን ኃላፊነት አብሮ ሊያስተላልፍ አይችልም የሚል ነው።

4. የሕግ ማዕቀፉ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት መሠረት የአገር መከላከያን የማቋቋምና የማስተዳደር ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። የመከላከያን አደረጃጀት በሕግ የሚወስነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ በአንቀጽ 87 ለመከላከያ ሚኒስትርነት የሚሾመው ሰው ሲቪል እንደሚሆን፣ ሠራዊቱም ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ሆኖ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ በሆነ አኳኋን ተግባሩን እንደሚያከናውን ተደንግጓል። አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚጸድቁትም በዚሁ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ከሌላ መንግሥት ጋር የሚደረግ የወታደራዊ ሥልጠና ስምምነት ከኩባንያ ጋር ከሚደረግ የአገልግሎት ግዥ የተለየ የሕግ መንገድ ይከተላል።

ግዥን በሚመለከት በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 430/1997፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 649/2001 ወጥተዋል። ይህም ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። አዋጅ ቁጥር 649/2001 በፌዴራል መንግሥት ግዥ ሁሉ ላይ ተፈጻሚ እንደሚሆን ከደነገገ በኋላ፣ ለብሔራዊ ደኅንነትና መከላከያ ጥቅም ሲባል ሚኒስትሩ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ኃላፊዎች ጋር በመመካከር የተለየ የግዥ አፈጻጸም ሊወስን እንደሚችል አስቀምጧል። ይህ የተለየ መንገድ ግን ሕግ አልባ አልነበረም። ቁጠባንና ውጤታማነትን የሚያረጋግጥ መመሪያ እንዲወጣለት አዋጁ ያስገድድ ነበር።

ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ምስጢራዊነት የሚጠብቀው የሠራዊቱን አቅም፣ ስምሪትና ዕቅድ ነው። የተከፈለ ገንዘብን ከኦዲት የሚሰውር ጋሻ ግን አይደለም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ የሚመረምረው ዋናው ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የተቋቋመ ሲሆን፣ ተጠሪነቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

5. ጥሩ የሥልጠና ውል ምን ይይዛል?

ሀ. የፍላጎት ጥናት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ያሠልጥን?» የሚለው ሳይሆን «ምን ማድረግ አልቻልንም?» የሚለው ነው። ክፍተቱ በግልጽ ካልተለየ የሚገዛው ሻጩ ያለውን እንጂ ሠራዊቱ የሚያስፈልገውን አይሆንም። በዚህ ደረጃ በብርሸለቆ፣ በሁርሶ፣ በብላቴና በሌሎች የአገር ውስጥ ማሠልጠኛዎች ያለው አቅም መፈተሽ ይኖርበታል።

ለ. ቢጋር። የሥራው ወሰን፣ የሠልጣኞች ብዛትና ደረጃ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የሚጠበቁ ውጤቶችና የአሠልጣኞች ብቃት የሚዘረዘሩበት ሰነድ ነው። ቢጋሩ ሲደበዝዝ ውሉም ይደበዝዛል።

ሐ. ውድድርና ምዘና። የግዥ ሕጉ ግልጽ ጨረታን፣ ውስን ጨረታን፣ በመወዳደሪያ ሐሳብ መጠየቂያ የሚፈጸም ግዥን፣ ቀጥታ ግዥንና ሌሎች ዘዴዎችን ያውቃል። እንዲህ ላለው በእውቀት ላይ ለተመሠረተ አገልግሎት ቴክኒካዊ ብቃት ቀድሞ ተመዝኖ ዋጋ በኋላ ቢታይ ይመረጣል። ርካሽ ሥልጠና በሕይወት የሚከፈል ውድ ዋጋ ሊያመጣ ይችላልና።

መ. የአሠልጣኞች ማንነት። ተወዳዳሪው በሰነዱ ያቀረባቸው ባለሙያዎች ራሳቸው መምጣታቸው፣ ያለ ገዥው ፈቃድ በሌላ እንዳይተኩ፣ የቀድሞ አገልግሎታቸውና ሥነ ምግባራቸው እንዲጣራ በውሉ ይጻፋል።

ሠ. ወሰንና ተጠያቂነት። አሠልጣኙ በውጊያ እንደማይሳተፍ፣ በእዝ ሰንሰለት ውስጥ ትእዛዝ እንደማይሰጥና ወንጀል ቢፈጽም በየትኛው ሕግ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይወሰናል። የሰብአዊነት ሕግ ትምህርት የሥልጠናው አካል ይሆናል።

ረ. የእውቀት ሽግግር። የመማሪያ ጽሑፎችና የሥልጠና መርጃዎች ባለቤትነት ለመንግሥት ሊሆን ይገባል። የአሠልጣኞች ሥልጠናም ግዴታ ሆኖ መግባት አለበት። በመጀመሪያው ዙር የውጭው ባለሙያ ያስተምራል፤ በሁለተኛው ኢትዮጵያዊው አብሮት ያስተምራል፤ በሦስተኛው ኢትዮጵያዊው ሲያስተምር የውጭው ባለሙያ ይታዘባል። አራተኛ ዙር ለመግዛት የሚቀርብ ጥያቄ በቂ ምክንያት ሊቀርብበት ይገባል።

ሰ. ክፍያና ክትትል። ክፍያ ከቀናት ብዛት ጋር ሳይሆን ከተረጋገጠ ውጤት ጋር ይያያዛል። የተመራቂዎች ቁጥር ብቻውን ውጤት አይደለም። ክፍሉ በልምምድ የተሰጠውን ግዳጅ በተወሰነው ጊዜና መለኪያ መፈጸም መቻሉ፣ ያም ከወራት በኋላ በድጋሚ ሲፈተሽ ጸንቶ መገኘቱ ነው መለኪያው። ይህን የሚያረጋግጠውም ከአሠልጣኙ ነጻ የሆነ ቡድን መሆን ይኖርበታል።

ሸ. የመውጫ አንቀጽ። ግንኙነት ቢቋረጥ ሥልጠናው እንዴት እንደሚቀጥል፣ ሰነዶችና መርጃዎች በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለሱ በውሉ ይቀመጣል። የ1969 ዓ.ም. ልምድ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

6. ለአቅራቢዎችና ለነጋዴዎች

ሥልጠና ማለት አሠልጣኝ ብቻ አይደለም። ቀለብ፣ ማረፊያ፣ ትራንስፖርት፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የሕንፃ ጥገናና የመሳሰሉት አገልግሎቶች አብረውት የሚሄዱ ሲሆን፣ እነዚህ በአብዛኛው ምስጢራዊ ባሕርይ ስለሌላቸው በመደበኛው የግዥ ሥርዓት ሊፈጸሙ ይችላሉ። በአቀስታ፣ በመካነ ሰላም ወይም በደሴ የሚሠራ ነጋዴም በመንግሥት ጨረታ ለመሳተፍ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ግዴታን ስለመወጣት የሚያሳይ ማስረጃና የአቅራቢነት ምዝገባ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየተሸጋገረ በመሆኑም በዚሁ ሥርዓት መመዝገብ አስፈላጊ ነው።

የጨረታ ሰነድን ሙሉ በሙሉ ሳያነቡ ዋጋ መሙላት በአነስተኛ አቅራቢዎች ላይ ለኪሳራ በር ይከፍታል። የማስረከቢያ ቦታ፣ የክፍያ ጊዜና በመዘግየት የሚጣል ቅጣት ከዋጋው እኩል ሊታዩ ይገባል። ተጫራቹ በሒደቱ ቅር ከተሰኘ አቤቱታውን በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በመጀመሪያ ለግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ጉቦ ከተጠየቀም መክፈል ሳይሆን መጠቆም የዜግነት ግዴታው ነው።

7. ዜጎች ሊያነሧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

የሠራዊቱን ዝርዝር ዕቅድ ማወቅ ለሁሉም የሚፈቀድ አይደለም። ይሁን እንጂ ግብር ከፋዩ ሕዝብና ልጁን ለውትድርና የላከ ወላጅ፣ በተወካዮቹ አማካይነት ሊያነሣቸው የሚችላቸው፣ ምስጢር የማይነኩ ጥያቄዎች አሉ። ሥልጠናው የተገዛው በተጠና ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ ነውን? ምርጫው በብቃት ነበርን? የተከፈለው ገንዘብ በኦዲት ታይቷልን? ከውሉ ጋር የመጣ ሌላ ግዴታ አለን? አሠልጣኙ ሲሄድ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው?

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ይከብዳል። በደንብ ባልሠለጠነ አዛዥ ሥር የሚሰለፍ ወታደር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ የውሉ ጉድለት የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው። በመቅደላ አምባ ላይ ያለው ከባድ መድፍ መሣሪያን ወደ ተራራ ማውጣት እንደሚቻል ያሳያል። መሣሪያውን አገር የምትከላከልበት አቅም የሚያደርገው ግን በራሷ ልጆች አእምሮና እጅ የቀረ እውቀት ነው። የሥልጠና ውል የሚዘጋጀውም፣ የሚፈረመውም፣ የሚመረመረውም ይህን እውቀት በአገር ውስጥ ለማስቀረት ሊሆን ይገባል።